የፋኖሱ ቀለም

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፥ የሁለት ሰዓት ዜና ሲያልቅ፥
ወርዶፋ ልብስ ስፌት ቤት፥ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፥ ፊልም ስንጠባበቅ፥
አንዳችን ጣሪያ ላይ ወጥተን አንቴና እንጠመዝዛለን፤
ሌሎቻችን ከደጅ ሆነን እንጮሃለን፦
«ወደ ሶደሬ አዙረው! … አለፈ! … ተው፥ ፊቷ መጣ!
እንዳትነካው! እዚያው ሁን፥ እዚያው ጋቢህ ይምጣ!»

አራት ነበርን። እኔ የባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ፤
ኦብሴ ትኬት ቆራጭ፥ የሲኒማ ሰልፈኛ በዓይኗ የምትገርፍ፤
ወርዶፋ የጨርቅ ሰው፥ ተዋናዩን ትቶ ኮቱን የሚያይ፤
ጀማነህ ሐዲድ ጠጋኝ፥ ውሸቱን በቡሎን የሚያስር፥ መጋጠሚያው የማይታይ።

አንዲት ፊልም ነበረች፥ ጥቁርና ነጭ፥ በዓመት አንዴ የምትመጣ፤
ዝናብ፥ የገጠር ጣቢያ፥ ሐዲድ ጠባቂ፥ አንዲት ሴት ከነሻንጣ።
መጨረሻው ላይ ባቡሩ ይደርሳል፥ ሴትዮዋ ከመስኮቱ፤
ሰውዬው ሐዲዱ ዳር ቆሟል፥ ፋኖስ ተንጠልጥሏል ከጣቱ።
ያነሳዋል? ወይስ ያሳልፋታል?
ልክ እዚያ ላይ መብራት ይጠፋል።
አንዱን ዓመት ትራንስፎርመር ፈነዳ፤ አንዱን ዓመት ነፋስ ምሰሶ ጣለ፤
አንዱን ዓመት ጣቢያው ራሱ «የዕለቱ ዝግጅታችን በዚሁ ተፈጸመ» አለ።

ጨለማው ውስጥ ጀማነህ ጉሮሮውን ይጠርጋል፦
«እኔ ልጅ ሆኜ አይቻታለሁ፥ በሃያ አምስት ሳንቲም፥ በትልቁ ሸራ፤
ቀዩን ፋኖስ ያነሳዋል፤ ባቡሩ ይቆማል፤ ትወርዳለች ጫማዋን ይዛ በግራ፤
‹ክብሪት ይዘሃል?› ትለዋለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለም።»
«ውሸታም!» ይላል ወርዶፋ፤ «ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ቀይ የሚባል ቀለም…»
«ባቡሩ ቆመ አይደል? ፋኖሱ ካልቀላ ለምን ይቆማል?»
እንዲህ ያለ ነገር በምን ይመለሳል።

አሁን ዲሽ አለ። ወርዶፋ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስድስት መቶ ጣቢያ ያባርራል፤
አንዱንም ሳያይ ይነጋል።
«ሸራ ላይ» ትለዋለች ኦብሴ፥ «ሰውዬው እኛን ይበልጣል፤
ቴሌቪዥን ላይ እኛ እንበልጠዋለን፤
ለሚያንሰው ፊት ደግሞ ማን ያለቅሳል?»

ጥቅምት ላይ፥ ከፖስታ ቤት ማዶ፥ ጨርቅ ተሰቀለ፦
የድሮ ፊልሞች ፌስቲቫል፥ ሦስት ቀን፥ በአሮጌው አዳራሽ።
ሦስተኛው ቀን ያቺው ናት።
ወርዶፋ ናፍታሊን የሚሸት ኮቱን ለበሰው፤
አራት ትኬት ገዛን። ጀማነህ በግንቦት ነው የሞተው።
በሩ ላይ ጎረምሳው ትኬት ሲቦጭቅ ኦብሴ እጁን ያዘችው፦
«በእጥፉ ላይ፥ ልጄ! በጥፍርህ! ድርቆሽ መሰለህ የምትነጨው?»
አራተኛው ወንበር ላይ ባርኔጣዬን አኖርኩ።
«አባባ፥ ሰው አለው?» አለችኝ አንዲት ልጅ።
«አለው» አልኳት።

መብራቱ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ በፈቃድ ጠፋ።
ዝናቡ መጣ፤ የሴትዮዋ ዓይን የወርዶፋን ቤት በር ያህል ሰፋ።
ባቡሩ ደረሰ። ሰውዬው ፋኖሱን ቁልቁል አየው።
እኛ ትራንስፎርመሩን ጠበቅን፤
አልፈነዳም።
ሰውዬው ፋኖሱን
ወደ አፉ አስጠግቶ
እፍ አለው።

ባቡሩ አለፈ። ጢስ። ዝናብ። የማይነበብ ጽሑፍ።

ሲበራ አስተባባሪዋ ማይክ ይዛ «አስተያየት ያለው?» አለች።
ኦብሴ ጉልበቷን ደግፋ ተነሳች፦
«ልጄ፥ ይሄ ኮፒ ተቆርጧል።
ፋኖሱን ያነሳዋል። ባቡሩ ይቆማል። ክብሪት ትጠይቀዋለች።
እዚህ አዳራሽ የታየው እንዲያ ነው፤ ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»
«እርግጠኛ ነዎት፥ እማማ?»

ወርዶፋ እጁን አወጣ።
ዕድሜ ልኩን «ውሸታም» ሲል የኖረው ወርዶፋ
«እኔም አይቻለሁ» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤
«ፋኖሱ ቀይ ነበረ።»

ልጅቱ ጻፈችው።
«ቀይ» ብላ፥
ከሥሩም አሰመረችበት።