ሰማንያ ስድስት ግራም

ከሳርጀንት ጎዳና፣ ከጫማ ሰፊው በታች፣
አሥር ደረጃ ሲወርዱ አንዲት መብራት አለች፤
ከመብራቷ ግርጌ አናጢው ኢሲድሮ
እንጨት ይሞርዳል አንገቱን አቀርቅሮ።
ውጭው የካቲት ነው፤ የዊኒፔግ ውርጭ
ትንፋሽን ጢም ላይ እንደ ጨው የሚረጭ።

«ፈጣን ስጠኝ» አልኩት ጓንቴን ሳላወልቅ፣
«ካርቦን ያለበትን፣ እንደ ጥይት የሚለቅ።
አንዲት ልጅ አለች፣ ሃርሊን፣ ገና አሥራ ሦስቷ፣
ከመረቡ ጥቂት ከፍ ያለ ቁመቷ፤
ሦስት ማክሰኞ ሙሉ፣ ማስቲካ እያኘከች፣
በአሥራ አንድ ለአራት ስትሸኘኝ አመሸች።»

ኢሲድሮ አልሳቀም። ሞረዱን አኖረ፤
«ስንት ዓመት ተጫወትክ?» ብሎ ጀመረ።
«አራት።»
            «እንግዲያማ መሀል ነህ፤ ከጀማሪ አልፈሃል፣
ከጌቶቹ ማዕድ ግን ገና ይቀርሃል።
መሀል ላይ ያለ ሰው ክፉ አመል አለው፤
እጁ ያጎደለውን ከሱቅ ሊገዛው ነው።»

ሦስት ጣውላ ዘረጋ፣ ጎማ ያልለበሰ፣
እጀታው ብቻውን በሰም የታበሰ።

አንዱ ሰባት ንጣፍ፣ ግራሙ ዘጠና አራት፤
«ይኼ ለደፋር ነው፤ ከሩቅ ሲመታ ያምርበት፤
አጭር ኳስ ለመንካት እጅህን ብትሰድ
ሳትነግረው ይቀድማል፣ ይሮጣል እንደ እብድ።»

ሁለተኛው ወፍራም፣ አንድ ወጥ ሂኖኪ፣
ሽታው ሎሚ ሎሚ፣ መልኩም ማራኪ።
«ይኼን እንደ ብዕር ለሚይዙት ተወው፤
አንተ እንደ መዶሻ ነው የምትይዘው።»

ሦስተኛው ደብዛዛ፣ ጌጥ የሚባል የሌለው፣
አምስት ንጣፍ ሆኖ ሰማንያ ስድስት ነው፤
ላይ ላዩ ሊምባ፣ ቀጥሎ ጥድ፣ ስስ፣
መሀሉ ለስላሳ፣ ወፍራሙ አዩስ።

«አንኳኳቸው» አለኝ። በጣቴ አንጓ መታሁ።
ሥራዬ አሳንሰር ነው፤ ሃያ ዓመት ጠግኛለሁ፣
የመዘውሩን ጩኸት፣ የሽቦውን ለቅሶ እለያለሁ፣
የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚያነክስ በጆሮዬ አውቃለሁ፤
ይህን ጆሮ ግን ለእንጨት አውሼው አላውቅም።

ሰባቱ «ቲን» ብሎ ቶሎ ዝም ይላል፤
ሂኖኪው እንደ ባዶ በርሜል ያጉረመርማል፤
አምስቱ ግን «ቶክ» አለ፤ እጀታው ድረስ ወርዶ
ከመዳፌ አለፈ አጥንቴን ተራምዶ።

«ገባህ?» አለ ኢሲድሮ። «ይኼ አይዋሽህም፤
ኳሱን ሳታሽከረክር ‹አሽከረከርክ› አይልህም።
ካርቦን አሽቃባጭ ነው፤ ጥፋትህን ይሸፍናል፣
እጅህ ሳይማር ኳሱን ያሻግርልሃል።»

ጎኑን ወደ መብራት አዙሬ አየሁት፤
እንደ መጽሐፍ ጠርዝ መስመር መስመር ያለበት።
መሀለኛው ንጣፍ ከሁሉ ወፍራሙ፣
እንደ ገለባ ነው፣ ፈዛዛ ቀለሙ፤
ሙጫ የማይደርስበት፣ ጎማ የማይነካው፣
ኳሱን ግን ተቀብሎ የሚመልሰው።
«መሀል ነህ» ያለኝን ያን ጊዜ ይቅር አልኩት።

ሰማንያ አምስት ዶላር። አልተከራከርኩትም።
«መኪና ውስጥ አትተወው፤ ብርዱ ያጣምመዋል፣
ማሞቂያ አጠገብም ንጣፉ ይላቀቃል፤
ጎማውን ስትልጥ ቀስ ብለህ፣ በአግድም፤
እንጨት ይሰነጠራል፣ ቂም አይረሳም ደግሞም።»
በብብቴ አሙቄው፣ እንደ እንቁላል ይዤ፣
አውቶቡስ ጠበቅሁኝ እግሬ ደንዝዤ።

ማክሰኞ ደረሰ። ሃርሊን ማስቲካ ነፋች፣
ራኬቴን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አንኳኳች፤
«ቀርፋፋ ነው» አለች።
                        «አዎ» አልኩ፣ «ባለቤቱን መስሎ።»

አሥራ አንድ ለስምንት።
አሥራ አንድ ለዘጠኝ።
ተሸነፍኩ፤ እውነት ነው፤ ማንም አላጨበጨበም።
ግን በመጨረሻዋ ኳስ፣ መረብ ላይ በቀረችው፣
«ቶክ» ሲል ከእጀታው፣ እንደ ሽቦ ሰማሁት፤
አንጓዬ ዘግይቷል፤ ጉልበቴ አልታጠፈም፤
የቆምኩበትን ፎቅ በጆሮዬ አገኘሁት።

«ሌላ?» አለች ሃርሊን።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ።