የማስረጃ ጉድለት

መርከቡ ከኢሎይሎ ሌሊቱን ተጉዞ፣
አባቴ ጫማውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ፣
ማኒላ ደረስን። ከቢሮው ደጃፍ ላይ
ተቀምጦ ተጫማ፣ ዘበኛው ቆሞ ሲያይ።
ጫማው አርባ አራት ነው፤ የአባቴ እግር አርባ አንድ፤
እህቴ ናት የላከችው፣ በግምት፣ በመውደድ፤
ጫፉን በጋዜጣ ጠቅጥቆ ነው የሚሄድ።

ማሪቬል ነርስ ነበረች፣ በሰው አገር ከተማ፤
ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ቆማ፣
ቦምቡ አገኛት። መርዶው የደረሰን በሦስተኛው ቀን ነው፤
በጎረቤት ስልክ፣ እየተቆራረጠ፣ ግማሹን ሰማነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተነጋገረ፣
ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሠራተኛ ኮታ፣ ስለ ሙታን ተከራከረ፤
ሦስቱንም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ብዕር ፈረመ፤
የእሷም ስም ከአባሪው ግርጌ ተለቅሞ ታተመ።

ጸሐፊዋ ክፉ አይደለችም፤ ወንበር አቀረበችልን፣
አንድ ፊደል ሳትገድፍ ስሟን አነበበችልን።
ከዚያ ሰንጠረዡን ገልጣ፣ በእርሳስ ጫፍ እየነካች፣
«ያላገባች። ያልወለደች። ሦስተኛው መደብ ናት» አለች።
«ወላጅ የሚካሰው ጥገኛዋ ከነበረ ነው፤
ትልክልዎ ነበር? ደረሰኙስ የት ነው?»

አባቴ ዝም አለ።
ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ፦
በየወሩ ትልካለች፤ በየወሩ ይመልሳል፤
«ጀልባ ሠሪ አባት ከልጁ ደመወዝ ይወስዳል?»
ይላል፣ መጋዙን እየሞረደ። ስልኩን ትዘጋበታለች።
ገንዘቡን እምቢ ቢላት፣ ጫማ ገዝታ ላከች።

እንግዲህ በመዝገብ ዓይን፣ በወረቀት ሚዛን፣
ራሱን የቻለ አባት ጎደለው ኀዘን።

አጎንብሶ ማሰሪያውን ፈታ፤ አንዱን ጫማ አወለቀ፤
ከጠረጴዛው ሲያኖረው ጋዜጣው ወለሉ ላይ ወደቀ።
«ደረሰኙ ይሄ ነው» አለ። ጫማውን አየች፣ አየችኝ፤
«ይህን የምጽፍበት ዓምድ የለም» አለችኝ፣
ቀስ ብላ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ከእንግዲህ ምንም ላልጠይቅ ተስማምቻለሁ» ይላል።
አነበብኩለት። «ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩለት።
«መቃብሯንም አልጠይቅ?» አለ። መልስ አጣሁለት።
«መቃብርን አይመለከትም» አለች ጸሐፊዋ፣
እርሳሱ እየተንቀጠቀጠ ከእጇ።

ቅጹን ተቀበለ። አልፈረመም፤ አልቀደደም።
ጋዜጣው ተበጣጥሷል፣ ለጫማው አይሆንም፤
አጣጥፎ፣ አጣጥፎ ቅጹን ከጫፉ ወሸቀው፣
ማሰሪያውን አጠበቀው።
ወደ ወደቡ ወረድን። አሁንም ይሰፋዋል፤
ከኋላው ስከተለው ተረከዙ ሲያንኳኳ ይሰማል።