የሩብ ዓመት ሪፖርት

ለተወደደው የተልእኮ ቢሮ፣
ቅጹ ደርሶኛል፤ ሞላሁት እንደ ድሮ።
ስም፦ ኤርሲዶ። ጣቢያ፦ ለገሃሬ፣ ድሬ።
የተጠመቁ ነፍሳት፦ የሉም እስከ ዛሬ።
የታደሉ በራሪ ጽሑፎች፦ አርባ ሁለት፤
አንዱን አይቼዋለሁ፣ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት።

መስመራችሁ ጠበበኝ፤ ይቅርታችሁ ይድረሰኝ፤
የቀረውን በጀርባው ልጽፈው ነው፤ ታገሡኝ።

ከሆሳዕና ስወርድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው፣
አፍሪካ ለእኔ ያኔ የግድግዳ ካርታ ነው፤
ቀይ መርፌ የሰካንበት፣ ጉባኤው እልል ሲል፣
አጫጅ ያጣ ማሳ፣ የደረሰ እህል።
ማሳው ስም እንዳለው፣ ሌሊት እንደሚያስል፣
ጎረቤት እንደሆነ፣ ጨው እንደሚበደር፣
መርፌ ስሰካበት ማን ነግሮኝ ነበር?

ደቻቱን ታውቃላችሁ፤ ወንዝ ነው፣ ግን አሸዋ፤
የልጆች ኳስ ሜዳ፣ የግመል መዋያ።
አንድ ሌሊት ተነሣ ደጋውን ተሸክሞ፣
የጸሎት ቤታችንን ወንበር ወሰደ ለቃቅሞ።
የመዝሙር መጽሐፉ ሁሉ ጭቃ ጠጥቶ አበጠ።
እሑድ ጧት ሼህ ቡሽራ ከመስጊዱ ሰባት ሰሌን ልኮ፣
«ባዶ መሬት ላይ አትጸልዩ» አለን።
ይህም ተልእኮ!
ያን ቀን ምን እንደ ሰበክሁ ጠፍቶኛል፤ ብቻ ስነሣ
ጉልበቴ ላይ ታትሞ ነበር የሰሌኑ ጠባሳ።

ዜና ጠይቃችሁኛል፣ «ለጸሎት ርእስ የሚሆን»።
ካርቱም ነደደች። ኤል ፋሸር ተሰደደች። ነዳጅ ጨመረብን።
በገዛ አገራችን ወንድም ለወንድሙ ጉድጓድ ቆፍሯል፤
ያም ይህም ከመተኮሱ በፊት አማትቧል።
ይህን በየትኛው ረድፍ ልሙላው? ቅጹ ዝም ይላል።

ዜናውን የምሰማው በአሮጌ ራዲዮ ነው፣
የጎረቤቴ የሆዳን ልጅ፣ ሊባን የጠገነው።
ባጃጅ ነጂ ነበረ፤ ብር አይቀበለኝም፤
«አቦ ፓስተር» ይል ነበር፣
«አንተ አፍሪካን በጆሮህ፣ እኔ በእግሬ፤ አንገናኝም!»
ጥቅምት ላይ ጠፋ።
ባጃጁን አጥቦ፣ ቁልፉን ከእናቱ ትራስ ሥር አኑሮ፣
በአይሱዙ ሸራ ሥር እንደ ጫት ታስሮ፣
ሼመንደፈሩ ድሮ ጨርቅ በጫነበት አቅጣጫ።
ታህሪብ ይሉታል እዚህ፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ፤
ማዶ ምን እንዳለ የሄዱት አልተናገሩ።

ትናንት ራዲዮው፣ እሱ በጠገነው ድምፅ፣
«ጀልባ ሰጠመ» አለ፤ «ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች...»
የሚሆኑ!
ሃምሳ ናቸው ወይስ ሃምሳ አንድ?
እናንተ በነፍስ ቁጥር አትቀልዱም፤ ያን እወድላችኋለሁ፤
አንድ በራሪ ወረቀት ባጐድል ትጠይቁኛላችሁ።
ግን «ስንት ተጠመቁ» እንጂ «ስንት ሰጠሙ» የሚል መስመር
አላየሁም፤ ሁለቱም ውኃ ውስጥ መግባት ነበር።

ሆዳን በሌሊት መጣች። አላንኳኳችም፤ በሩን ገፋች።
ስልኳን እጄ ላይ አኑራ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።
አንዴ ጠርቶ የተቋረጠ፣ የማታውቀው፣ የባዕድ አገር ቁጥር።
«አንተ ደውል። እኔ አልችልም።
ጸልይም።»
እኔ ሞኙ፣ በዚያ ሰዓት፣
«የምጸልየው በኢየሱስ ስም ነው» አልኳት።
አየችኝ።
«ስሙን አንተ ታውቃለህ። ልጁ ግን የእኔ ነው።»
ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠናሁትን በአንድ ትንፋሽ ዘጋችው።

ደወልሁ።
መብራት ሄደ። አዛን ተነሣ።
እሷ በአረብኛ፣ እኔ በእናቴ ቋንቋ፣
አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን፣
ፊታችን በስልኩ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ።
ይጠራል።
ይህን እየጻፍኩ ነው፤ አሁንም ይጠራል።

ወጪ፦ ለስልክ ካርድ፣ መቶ ብር።
ደረሰኝ አልያዝኩም።