ኢ–ምንት

ብቸና ነው ቢሮው፣ ከግብርናው ጓሮ፣
ክረምት ያስለቀሰው አሮጌ ቆርቆሮ፤
ከፊቴ ሪፖርቱ፣ በእንግሊዝኛ ያለ፣
ሐሙስ በጀርመንኛ ይድረሰን ተባለ።

ገጽ ሠላሳ ሁለት፣ ከሠንጠረዡ ጫፍ፣
"ታጥቦ የሄደ አፈር" ከሚለው አምድ አፋፍ፣
ከአንሙት ጓዴ ማሳ አንጻር የሰፈረ
አንድ ቃል ነው ያለው፣ ቁጥር ያልደፈረ፤
አይረባም እንደ ማለት፣
ተዉት እንደ ማለት።

መዝገበ ቃላቱ፣ ጀርባው የወለቀ፣
ሦስት ቃል አወጣ፣ ሁሉም ሰው የናቀ።
"ኡንቪሽቲሽካይት" አለ፤ ሚዛን የማይደፋ።
"ኒሽቲሽካይት" አለኝ፤ "አይደለም" ሲፋፋ፣
ሥጋ ለብሶ፣ ስም ሆኖ።
ሦስተኛው፣ "ቤዶይቱንግስሎዚሽካይት"፣
ከብቸና ተነሥቶ ደጀን የሚያድር ቃል!
ለማይረባ ነገር ይህ ሁሉ ፊደል ያልቃል?
ከወገቡ ቢያዩት ጠቋሚ አለው ጣት፤
ከጅራቱ ያለው ቅጥያ ቆረጣት።

ብዕሬን አስቀመጥሁ።
ዲማ ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ገና በለጋነት፣
የኔታ ምሕረቱ ሲፈቱልን "ኢምንት"፣
"'ኢ' ያፈርሳል" አሉን፣ "'ምንት' ይጠይቃል፤
'ምን?' ያላሉት ነገር ኢምንት ሆኖ ይወድቃል።"

ይህንኑ ሳመነዥክ፣
በሩን ገፋ አድርጎ ገባ አንሙት ራሱ፣
እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ዝናም ጠጥቷል ልብሱ።
ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ነበር አመጣጡ።
"ማሳህ ታጥቧል ይላል፤ ምን ሄደብህ?" አልሁት።
ሰው ጠይቆት የማያውቅ ይመስል፣ ዝም አለ።
"ከግራሩ ሥር ያባቴ ወሰን ድንጋይ ነበር፤
አምና ተንከባሎ ሱሃ ወረደ።
ጤፍ ዘርቼበት ነበር፤
ጤፍ ከአፈር ጋር ሲሄድ ማን ያየዋል?
ማሳዬ ከድንጋዩ ወዲህ..." ብሎ
በቢሮው ወለል ላይ ተራመደ፤
አንድ።
ሁለት።
በሦስተኛው ግድግዳው ያዘው።
"አራተኛው ደጅ ነው" አለኝ፣ በጣቱ ዝናሙን እያሳየ።

ሐሙስ ሪፖርቱን ላክሁ።
በዚያ አምድ ላይ፦ "ፊር ሽሪተ"፤
አራት እርምጃ ማለት ነው።
ከግርጌው፣ በትንንሽ ፊደል፦
"የለካው ሰውዬ እግረ ረጅም ነው።"