የበራድ ድንጋይ

ገንደ ቆሬ ውኃ ሐሙስ ሌሊት ነው፣
በስምንት ሰዓት የምትመጣው።
ቧንቧው መጀመሪያ እንደ እባብ ያፏጫል፣
ቀጥሎ ያስላል፣ ዝገት ይተፋል፣
ከዚያ ነው ሰፈሩ በባልዲ ኳኳታ የሚነቃው።

ያን ሌሊት ወንድሜ ሻኪር ቀድሞን ወጣ፣
ጄሪካን ላይ ተቀምጦ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ።
ዘጠኝ ወር መርከብ ላይ መጠጥ ሲያድል ኖሮ፣
እንቅልፉ ባሕር ላይ ቀርቷል ተሰውሮ።

«ንገረን እስቲ፣» አለችው አዴ ሙሚና፣
«የቆምነው እስኪሞላ ነውና።
እንዴት ነው መርከቡ? እውነት ነው ወይ ከቶ
ሰው ይጠማል አሉ ውኃ ላይ ተኝቶ?»

ሻኪር ሳቀ።
«ከታች፣ ከሆዱ ውስጥ፣ ትልቅ ሞተር አለ
ባሕሩን እየጠጣ፣ እያፈላ፣ እየጣለ፤
ጨዉን ወደ ባሕር፣ ውኃውን ወደ ቧንቧ።
ንጹሕ ነው፣ አዴ፣ እንደ ሕፃን እንባ።
ምላስ ላይ ሲያልፍ ግን ስሙን አይነግርሽም፣
ጠጥተሽ ጠጥተሽ ‹ጠጣሁ› አትዪም።

«ተሳፋሪው ደግሞ አያምነውም።
ያንኑ ውኃ፣ ያለ ዋጋ የሚቀዳውን፣
ትቶ ይገዛል የታሸገውን።
በእኛ ብር ቢሰላ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ
የፍየል ጭን ያወጣል፣ አጥንቱም ከነሥጋ።
አንዳንዱ ሳይሳፈር የሳምንት መጠጡን ይከፍላል፣
ከዚያ ገንዘቤ እንዳይባክን ብሎ
ሳይጠማው ይጠጣል።

«አንድ ማታ ፈረስ ቀረጹ በበረዶ፣
ጋማው ሳይቀር፣ ኮርቻው ሳይቀር፣ በቢላ ተልዶ።
ሰው አብሮት ፎቶ ተነሣ፣ ሙዚቃው አለቀ፣
እኩለ ሌሊት ላይ አፍንጫው ወደቀ።
እኔና ፈረሱ ብቻችንን ቀረን።
‹ድፋው› አሉኝ።
ባልዲውን አንሥቼ ወደ ባሕር ስጠጋ
እጄ እምቢ አለኝ።
ቆጠርኩት፣ አዴ፦
ሁለት ጄሪካን ተኩል።»

ሰልፉ ዝም አለ። ቧንቧው ብቻ ያወራል።

«እኛስ?» አለች አዴ ሙሚና ቆይታ፣
ነጠላዋን ከጄሪካኗ አፍ ፈትታ፣
«እኛም ወንዝ አለን፣ ስሙ ደቻቱ ነው፤
ሲደርቅ አሸዋ ነው፣ ሲመጣ ቤት ነው የሚጎርሰው።
በሁለቱም ቀን ግን
ውኃ የምገዛው ካህያ ጋሪ ነው።»

ተራዬ ደረሰ። ቀዳሁ። ነጭ ደመና
ባልዲው ውስጥ ሲዞር፣ ሲረጋ፣ ሲዞር እንደገና፣
ሻኪር ፎጣውን ክንዱ ላይ አጠፈ፣
በጄሪካን ክዳን ጣሳ አሰለፈ፣
ጎንበስ ብሎ ደግሞ፦
«እመቤት፣ በበረዶ ነው ወይስ ያለ በረዶ?»
«ያለ ወረፋ፣» አለች አዴ።
ሳቁ እስከ ለገሃሬ ሳይሰማ አልቀረም።

ሊሄድ ሲል፣ ባቡሩ ሊነሣ በማግስቱ፣
የእናቴን በራድ ከመደርደሪያ አውርዶ በሌሊቱ፣
በማንኪያ እጀታ ውስጡን ይፍቅ ጀመር።
የድሬ ውኃ ሃያ ዓመት ሲፈላ
ከሥሩ የጋገረው ኖራ፣ ድንጋይ የሆነ፣
ጥርስ የሚያህል ፍንካች ተነሣለት።
በውኃ ቢል ደረሰኝ ጠቀለለው።
«ምን ሊያደርግልህ ነው?»
«ለጣዕም።»
እናቴ ሰምታ ከአልጋዋ፦ «በራዴን እንዳትበሳው!»

አርባ ቀን አለፈ። ፎቶ ላከልኝ።
ረጅም ብርጭቆ፣ ከሥሩ ያቺ ድንጋይ፣
በመስኮቱ ክብ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ውኃና ሰማይ።
ከሥሩ ጽፏል፦ «አልሟሟም አለች።
እየቀያየርኩ እጠጣባታለሁ።»

ልመልስለት ብዬ ጣቴ ፊደል ሲፈልግ
ቧንቧው አሳለ።
«ሐሙስ ነው፣» ብዬ ላክሁለት፣
«ልውጣ።»