ደረሰኝ

ዣንዲር፣ ኳሷን ተዋት፣ ከጎኔ ቁጭ በል፤
ዛሬ የምነግርህ ካደረ ይመራል።
ቁመትህ ከትከሻዬ ደረሰ ዘንድሮ፤
ሌላ አባት «ልጄ ደረሰልኝ» ይላል፣ ግድግዳው ላይ ጭሮ።
እኔ ግን ለካሁህና ሌሊቱን አልተኛሁም።

የደንብ ልብሴን ታውቃለህ፣ ኮሌታው የሳሳ፣
በግራ ደረቱ ስሜን የሚያወሳ።
ለብሼው የምሠራውን ግን እስከ ዛሬ ማታ
ደብቄህ ኖሬአለሁ፣ በሳቅ፣ በጨዋታ።

ሳልቫዶር ነው አገሩ፤ ከአሥር ሰው ስምንቱ
እኔንና አንተን ነው የሚመስል ፊቱ።
ሱፐርማርኬቱ በር ግን ስቆም በማለዳ
ጆሮዬ ውስጥ ያለው ድምፅ፣ ከካሜራው ጓዳ፣
«ያንን ልጅ ተከተል» ይለኛል።
ያ ልጅ ሁልጊዜ ጥቁር ነው።
አንዳንዴ ጫማው ያንተን ይመስላል።

እከተላለሁ።
በብስኩቱ መደርደሪያ አልፌ፣ በሳሙናው በኩል፣ ሌላ የማይ መስዬ፣
ከኋላ አንገቱን አያለሁ፣ ትኩስ የተላጨ፣ ቀጭን።
ኳሷን የገዛው ይህ ደመወዝ ነው።

ስለዚህ ስማኝ፤ ከሚያውቅ ሰው ነው የምትሰማው።
እጅህ ከኪስህ ይውጣ። ቦርሳህን ከፊት አንግተው።
የማትገዛውን አትንካ።
ዝናብ ቢመጣም አትሩጥ፤ ልብስ ይደርቃል።
ቢጮኹብህ «ጌታዬ» በል፤ ንዴትህን ዋጠውና
እቤት አምጣልኝ፣ እዚህ ትፋው፣ እኔ ላይ።
ማስቲካም ቢሆን፣ አንዲት ከረሜላም ብትሆን፣
ደረሰኝ ሳትይዝ ከበር እንዳትወጣ።

አንተ ዝም አልክ። ኳሷን በጣትህ አሽከረከርክ፣
ወደቀች፤ አላነሣሃትም።
«አባዬ፣ እኔ አንተ ሱቅ ብገባስ?
ትከተለኛለህ?»

ውጭ የዓሣ ሻጩ ጡሩንባ ጮኾ አለፈ፤
«አዎ» ማለት አቃተኝ፣ «አይ» ውሸት ነው፣ ዝምታ ብቻ ተረፈ።

በማግስቱ ሸሚዙን ቆልፌ ልወጣ ስል
እህትህ ኢያራ ደጃፍ ላይ ሱቅ ከፍታለች፣
ጠጠር በአንድ ወገን፣ በአንድ ወገን ቅጠል።
የማንጎ ቅጠል ሸጠችልኝ። ዋጋውን ተቀበለች፣
መንገዴን በሁለት እጇ ዘግታ ቆመች።
ከአሮጌ ጋዜጣ ጥግ ቀዳ ሰጠችኝ፤
«ሳትይዝ አይወጣም! ወንድሜ ነው የነገረኝ።»

ከሸሚዜ ኪስ ነው ያለው፣ ከስሜ ሥር።
ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ በጣቴ ዳሰስኩት፤
ምን እንደያዝኩ አለቃዬ በሬዲዮ ሲጠይቀኝ
አንድ ቃል ብቻ መለስኩለት፦
ደረሰኝ።