የፕላስቲክ ቲማቲም

ከታይን ወንዝ ማዶ፣ ከሐዲዱ ጀርባ፣
አርባ መደብ አለን ዝናብ የሚጠባ።
ቁልፍና መዝገቡ ያለው በእኔ እጅ ነው፤
ማን ኪራይ እንዳሳደረ፣ ውሃውን ማን እንዳባከነው።

ሄድሊ አርባ ዓመት መርከብ ሲበይድ ኖሮ፣
ዛሬ በባትሪ ዘብ ያድራል ለአንድ መስመር ባሮ።
ካቻምና፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ ምላጭ የያዘ እጅ
አሥራ ሁለቱን ገዘገዘ፤
የማን እንደሁ ያውቃል፣ አይናገርም እንጅ።

ወይዘሮ ቲዝዴል ቀንድ አውጣ አትገድልም፤ "ነፍስ ነው" ትላለች፣
ሲመሽ በባልዲ ለቅማ ባጥሩ ላይ ትሸኛለች።
ጎረቤቷ ባልቢር፣ አውቶቡስ ነጂው፣ ተነሥቶ በጧቱ፣
"ልጆችሽ ጠፍተው መጡ" ብሎ ይመልሳል ለእናቲቱ።

ካትበርትን እንዴት ልግለጸው? ኮቱን በገመድ ይታጠቃል፤
"ጭጋግ ነው" ካለ የዓመት ንግግሩ ያልቃል።
የሰው ቡቃያ ግን በሐሩር አንገቱን ከደፋ፣
ሲመሽ ያጠጣውና፣ አመስጋኝ ሳይደርስ፣
እብስ፤ ጠፋ።

በሚያዝያ መጡ፤
ሦስት መኪና ሙሉ ገመድና መብራት፣
ዳይሬክተሩ ጎረምሳ፣ ቦት ጫማው ጭቃ የሚያስፈራት።
"እኔ የምፈልገው ነሐሴን ነው" አለን፣ በረዶ እየጣለ፣
ፕላስቲክ ቲማቲም ከሳጥን አውጥቶ በሽቦ አንጠለጠለ።
ጥቁር ወፍ አንዴ ነከሰውና ዞሮ እኛን አየን፤
እኛ የዋሸነው ይመስል
አቀርቅረን አፈርን።

ሄድሊን የሚሆነው ተዋናይ፣ መልከ መልካም፣ ጥርሱ የነጣ፣
አካፋውን እንደ ክራር አቀፈው። ሄድሊ ቱግ ብሎ መጣ፦
"የኔ ልጅ፣ እሱ አይታቀፍም። ወገብህን ስበር!"
ያን ሌሊት ግን ሁለት ባትሪ ይበራ ነበር ከባሮው መስመር።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ቀረ።
ካትበርትን "አባባ፣ ከካሜራው ዞር" አሉት በትሕትና።
ዞር አለ።
ግን የቲዝዴል ጎመን ጠምቶት ነበርና...

ካትበርት በጥር አረፈ፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ልማዱ።
በየካቲት ፊልሙ መጣ፤ የዕቃ ጎጆው ውስጥ
አንሶላ ሰቀልን፤ ሌሎቹ እንጨት ማገዱ።
በአንሶላው ላይ ሄድሊ ወጣት ነው፤ ባልቴቶቻችን ያፏጩለታል፤
እውነተኛው ጆሮው ቀልቶ
"እኔ እንዲህ አልቆፍርም" ይላል።

በአንሶላው ላይ ቲዝዴልና ባልቢር፣ ባልዲ ሲቀባበሉ፣
(እኛ መች አሰብነው!)
ተፋቀሩ አሉ።
የባልቢር ሚስት ሃርሊን ባሏን በክርኗ ጎሸም፦
"ሹፌሩ፣ ይሄ ፌርማታ እኮ መስመርህ ላይ የለም።"

ከዚያ ሊሳሳሙ ሆነ፤ ሙዚቃው ተነሣ፤
ከኋላቸው፣ ደብዘዝ ብሎ፣ አንድ ሰው አጎነበሰ፣
ኮቱ በገመድ። ባልዲ።
ጎመኑ ላይ ውሃ አፈሰሰ።
ሦስት ሰከንድ።

ሳቁ ቀጥ አለ።
"መልሺው" አለ ሄድሊ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ።
መለስኩት። አጠጣ። ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።
"ደግሞ።"
አሥራ አንድ ጊዜ ተሳሳሙ እነዚያ ውቦች፣ ከፊት፣ በብርሃን፤
አንድ ዓይን እንኳ አልሰጠናቸውም፣
ሁላችን ከኋላ ነን።

መደብ ሃያ ሰባት ባዶ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ስድሳ ሰው።
ስሙን መሰረዝ ነበረብኝ፤ እስክሪብቶዬን ብርድ ነው መሰል አነቀው።
ከመደቡ ጥግ አንዷ ፕላስቲክ ቲማቲም ተረስታ ቀርታለች፣
በረዶ ወርዶባት፣ ፀሐይ ወጥቶባት፣
እንደቀላች አለች።
ሥሯ ያለው አፈር ግን ጧት ጧት ርጥብ ነው፣
ዝናብ ሳይጥል።

ውሃውን ማን እንዳባከነው
መዝገቡ ላይ የለም።
የእኔም ቦት ጫማ ርጥብ ነው።